የበርሜል ቅርጽ ያለው ሥር

እስቲ እናንተን ልጠይቅ፤ ለግቢያችሁ ዛፍ ስትመርጡ የምታዩት ምኑን ነው? አትድከሙ፣ መልሱ ይታወቃል። አበባውን ነው። ችግኝ ጣቢያ ገብታችሁ መቶ ችግኝ ተደርድሮ ስታገኙ፣ ዘጠና ዘጠኙ ቅጠል ብቻ ሆኖ አንዱ አበባ በአበባ ከሆነ፣ ዓይናችሁ እዚያው ላይ ይቀራል። "ይሄ ጤነኛ ነው" ትላላችሁ። ጎንበስ ብሎ ስለ ሥሩ የጠየቀ የለም። ሻጩ ደግሞ ይህን አመላችሁን ከስሙ አብልጦ ያውቀዋል።

ከዛፍ ሥር ያለውን ጉድ የምታውቅ አንዲት ተካይ ነበረች። ሃምሳን የተሻገረች፣ መዳፏ እንደ ጫማ ሶል የደደረ፣ ምላሷ ከመዳፏ የባሰ ሴት ናት። ሰፈሩ "እሾህ" የሚል ስም አውጥቶላታል። ልጆች "እትዬ እሾህ!" ሲሏት "አቤት" ትላለች እንጂ አትቆጣም። የምትሠራው በታላቅ ወንድሟ ችግኝ ጣቢያ ነው። ወላጆቻቸው ሲሞቱ ያሳደጋት እሱ ነው። ባሏ ጥሏት ሲሄድም አራስ ልጇን ታቅፋ የገባችው እሱ ቤት ነው። ስለዚህ ሰውን ሁሉ የሚወጋው ምላሷ እሱ ፊት ሲደርስ ይደንዛል። "ጋሼ" ትለዋለች። ደንበኞቹም ከእሷ ሰምተው ጋሼ ይሉታል።

ነገሩ በተጀመረበት ጠዋት አዲስ ቤት የሠሩ ባልና ሚስት መጡ። ሚስትየዋ ከበሩ ሦስት እርምጃ ሳትርቅ፣ በግማሽ በርሜል ውስጥ የቆመ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ የሚል፣ ሐምራዊ አበባ የተንዠረገገበት ጃካራንዳ አየችና በእጇ አጨበጨበች።

"ይሄ! ይሄ ነው የኔ!"

"ዓይን አለሽ እህቴ" አላት ጋሼ። ዘወትር ነጭ ሸሚዝ ነው የሚለብሰው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አፈር ነክቶት አያውቅም። "ግን አንቸኩል። ግቢሽን ፀሐይ የሚያገኘው ጠዋት ነው ከሰዓት በኋላ?"

"ከሰዓት በኋላ።"

"ጥሩ። የግድግዳው ቀለምስ?"

"ክሬም።"

"ክሬም ላይ ሐምራዊ! ወንድሜ፣ ሚስትህ ሠዓሊ ናት። ቀይ አበባ ብትለኝ ኖሮ አልሸጥላትም ነበር። ለአጥሩ ቡጌንቪሊያ እሰጣችኋለሁ። መስኮት ሥር ግን እንዳትተክሉት፣ እሾኩ መጋረጃ ይቀድዳል። መስኮት ሥር ጽጌረዳ፣ ያውም አጭሩን።"

ሐቁ ይነገር፤ ሰውየው ሥራውን ያውቃል። የቱ ጥላ እንደሚወድ፣ የቱ በየትኛው ወር እንደሚያብብ፣ የቱ ከየትኛው ቀለም ጋር እንደሚጣላ ሲያስረዳ አፍ ያስከፍታል። ስለ ሥር ብቻ ተናግሮ አያውቅም።

እሾህ ጥግ ላይ አፈር ትነፋ ነበር። ወንፊቱን አስቀመጠችና በጣቷ አመለከተች። "ያችን ውሰጂ ልጄ።"

ሚስትየዋ ዞር ብላ አየች። በጥቁር ላስቲክ ውስጥ የቆመች፣ አራት ቅጠል ያላት፣ የአንድ ዓመት ችግኝ ናት። "ውይ፣ ይሄ እኮ ዱላ ነው!"

"ዱላ ይሁን። ዱላው ሥሩ ነፃ ነው።"

"እህቴ ናት፣ አትፍረዱባት" አለ ጋሼ እየሳቀ። "ከሰው ጋር ማውራት ካቆመች ቆይታለች፤ የምታወራው ከአፈር ጋር ነው። አፈሩም ሰልችታው ዝም ብሏታል።"

ባልና ሚስቱ ሳቁ። የሚያብበው በርሜል መኪና ላይ ተጫነ። እሾህም ዶማና አካፋዋን ይዛ ልትተክለው ከኋላ ወጣች። የቀን እንጀራዋ ነው፣ ምን ታድርግ?

አሁን ስሙኝ። ጃካራንዳ በወጉ መሬት ላይ ከተተከለ አበባ ለማሳየት ሰባት ስምንት ዓመት ይፈልጋል። የጋሼ ጃካራንዳ ግን እዚያው በርሜል ውስጥ እያለ፣ ገና በአራተኛ ዓመቱ ያብብ ነበር። ምሥጢሩ ሌላ አይደለም፤ ወደ ሰፊ ቦታ አለማዛወር ነው። ሥሩ ይወርድና ከቆርቆሮው ጋር ይጋጫል። መሄጃ ሲያጣ ይዞራል። ዞሮ ዞሮ በራሱ ላይ እንደ ገመድ ይጠመጠማል፤ በመጨረሻም የገዛ አንገቱን ያንቃል። ዛፉ የሚያብበው ያን ጊዜ ነው። ደስ ብሎት ይመስላችኋል? መሞቻው የደረሰ ስለመሰለው ነው፤ ሳልሞት ዘር ልተው ብሎ ነው። እናንተ ደግሞ ፊቱ ቆማችሁ "እንዴት ያምራል!" ትላላችሁ።

መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም። ሥራውን ያስተማሯት ሽማግሌ ተካይ ከጉድጓዱ አጠገብ ቢላ ሳይዙ ተክለው አያውቁም። ሥሩን ከላይ እስከ ታች አራት ቦታ ይሰነጥቁታል፤ የታችኛውን ጥምጥም ቆርጠው ይጥላሉ፤ የቀረውን እንደ ጣት ዘርግተው አፈር ያለብሱታል። እሾህም መጀመሪያ እንዲሁ ታደርግ ነበር። ነገር ግን ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ይደነግጣል፤ አበባውን ያራግፋል፣ አንድ ሙሉ ዓመት እንደ በሽተኛ ይቆያል። ደንበኞች "የሸጥክልን በድን ነው" እያሉ ተመለሱ። አንድ ቀን ጋሼ መጥቶ ቢላዋን ከእጇ ወሰደ። "ከዛሬ ጀምሮ ቢላ የሚባል ነገር ጉድጓድ አጠገብ እንዳላይ" አላት። ያን ቀን ምላሷ የት ሄዶ ነበር? ዝም አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዝም አለች፤ ዝም ብላም ተከለች።

ባልና ሚስቱ በመጡበት ዓመት ደግሞ የከተማው ጃካራንዳ ሁሉ እንደዚያ አብቦ የማያውቅ አበባ አበበ። መንገዱ ሐምራዊ ሆነ። የቤቶች ጣሪያ አበባ ለበሰ፤ የመኪና መስታወት በአበባ ተሸፈነ። ሰው ቆሞ ፎቶ ይነሳል፣ የማይተዋወቅ ሰው እንኳ ቆሞ "ዘንድሮ ምን ጉድ ነው!" ይባባላል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ጋሼን ሲያይ እጁን ይጨብጠዋል። እሾህ ግን በዚያ መንገድ ላይ ስታልፍ አንገቷን ቀብራ፣ ዳር ዳሩን ነበር የምትሄደው። ቅጠል የሌለበት፣ አበባ ብቻ የሆነ ዛፍ ስታይ እርምጃዋን ታፈጥናለች። ጊዜው እንደደረሰ ታውቃለች። ከተናገረች ግን የተከለችው እሷ ናት።

መጀመሪያ የወደቀው በጡረተኛው ዳኛ ግቢ ውስጥ ነው። ነፋስ አልነበረም። ቅጠል የማይነቃነቅበት ቀትር ነበር። ዳኛው በየቀኑ ከዛፉ ሥር ወንበር አውጥተው ጋዜጣ ያነባሉ። ስልክ ጮኸና ሊያነሱ ወደ ቤት ገቡ። ሲመለሱ ወንበሩ የለም፤ ወንበሩ የነበረበት ቦታ ላይ ዛፉ ተኝቷል። አበባው አንዱም አልጠወለገም።

ጋሼ ነጭ ሸሚዙን እንደለበሰ ደረሰ። ጉቶውን ከሩቅ አየና "ምስጥ ነው ጌታዬ። ይሄ ሰፈር ምስጥ አለበት" አለ።

"ምስጥ?" አሉ ዳኛው። ግንዱን በምርኩዛቸው መታ መታ አደረጉ። "ምስጥ ከሆነ እንጨቱ መቦርቦር የለበትም? ይሄ እኮ ድፍን ነው።"

"ከሥር ነው የሚበላው። ሌላ አዲስ እተክልልዎታለሁ፣ በነፃ።"

ከዚያ እሾህን ወደ ጥግ ወሰዳት። ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጉቶውን ፈልጠሽ አቃጥይው። ዛሬውኑ። ሰው ሳይሰበሰብ።"

ጉቶውን ጎንበስ ብላ አየችው። መሬት ውስጥ ሰባት ዓመት የኖረ ዛፍ ነው። ሥሩ ግን አሁንም በርሜል ነው። ክቡ፣ ጠፍጣፋው ታች፣ በርሜሉ ወገብ ላይ ያለችው ቀለበት ሳትቀር ታትማበታለች። ከዚያ ቅርጽ ወጥቶ አፈር የያዘ አንድ ሥር የለም። ሰባት ዓመት ሙሉ እንደ እቃ ተቀምጦ ነበር እንጂ አልበቀለም።

ፈለጠችው። አቃጠለችው። ይህን ያደረገችው እሷው ናት፤ ማንም አላስገደዳትም። ጭሱ ዓይኗን ሲያቃጥላት ግን አንድ ነገር ትዝ አላትና መጥረቢያው ከእጇ ወደቀ። ከስድስት ዓመት በፊት ልጇ ስታገባ፣ ጋሼ ለሙሽሮቹ የሰጠው ስጦታ ጃካራንዳ ነበር። የተከለችው እሷ ናት፤ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ሁለት ሜትር ርቀት ላይ። አሁን በዚያ መኝታ ቤት ውስጥ የአራት ወር የልጅ ልጇ ይተኛል።

በማግስቱ በጠዋት ተነስታ በመንገዷ ያገኘችውን ዛፍ ሁሉ በትከሻዋ እየገፋች ሄደች። ክሊኒኩ በር ላይ ያለው አልተነቃነቀም። ዳቦ ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ትንሽ ተወዘወዘ። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ያለውን ስትገፋው ከሥሩ አንድ ድምፅ ሰማች፤ ሰው ጥርሱን የሚያፋጭ ይመስላል። ወረፋ የያዙት ሰዎች ተያዩ።

"እትዬ እሾህ፣ ዛሬ ደግሞ ከዛፍ ጋር ተጣላሽ?" አላት አንዱ።

"ከሥሩ ራቁ" አለች። ሳቁባት። ማንም ንቅንቅ አላለም።

ልጇ ቤት ስትደርስ ልጇ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ ሕፃኑን ታስተኛለች። አበባው በመስኮቱ እየገባ አልጋው ላይ ይረግፋል።

"እማዬ፣ ምነው በጠዋቱ? ፊትሽ ልክ አይደለም።"

"ዛፉ ይቆረጥ።"

"የትኛው ዛፍ?" ልጇ ሳቀች፤ ከዚያ የእናቷን ፊት አየችና ሳቋ ጠፋ። "እማዬ ሙች! ዘንድሮ እኮ ነው እንዲህ ያበበው። ጋሼ ምን ይለኛል? የሠርጌ ዛፍ ነው።"

"ጫማሽን አውልቂ።"

"ምን?"

"ጫማሽን አውልቂና ነይ፣ እዚህ ጋ ቁሚ አልኩሽ!"

ልጇ እያጉረመረመች ባዶ እግሯን ከግንዱ አንድ እርምጃ ራቅ ብላ ቆመች። እሾህ ግንዱን ከወዲያ በኩል በሁለት እጇ ያዘችና በሙሉ ክብደቷ ገፋችው። በልጇ እግር ሥር አፈሩ በቀስታ ከፍ አለ። እሾህ ስትለቀው ተመልሶ ዝቅ አለ። እንደገና ገፋች፤ እንደገና ከፍ አለ።

"እማዬ..." አለች ልጅቷ፤ እግሯን ብድግ አደረገች። "እየተነፈሰ ነው።"

"ልጁን አውጪው።"

ከዚያ በኋላ አልተከራከረችም። ሕፃኑን አቅፋ ጎረቤት ገባች። ባሏ፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ የጭነት ገመዱን ይዞ መጣ። ዛፉን ከቤቱ በተቃራኒ ስበው ጣሉት። መጋዝ አላስፈለገም። ሁለት ሰው ገመዱን ሲጎትት ጉቶው ከነሥሩ እንደ ጠርሙስ ክዳን ብድግ ብሎ ወጣ። በርሜል ነበር። አማቿ ገመዱን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ቀና ብሎ "እማማ፣ ይሄን ታውቂ ነበር?" አላት።

እሾህ ግንዱን በመጥረቢያ ቆርጣ ጣለችው። ጉቶውን በአንድ ጎማ ጋሪ ላይ ጫነችና ወደ ችግኝ ጣቢያው ገፋች።

ጋሼ ቢሮው ውስጥ ወረቀት ላይ ይጽፍ ነበር። በማግስቱ የሰፈሩ ነዋሪዎች በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰብስበው፣ ከተማውን ስላስዋበ የምስጋና ወረቀት ሊሰጡት ነው። የሚያዘጋጀው ንግግር "ለቤታችን የሚሆን ዛፍ እንዴት እንምረጥ" የሚል ነው። በመስኮቱ ወደ ጋሪው ተመለከተና ብዕሩን አስቀመጠ።

"አቃጥይው አላልኩሽም?"

"ያኛውን አቃጠልኩት። ይሄ የልጄ ነው። የልጅ ልጄ ራስጌ ላይ ነበር።"

ለአፍታ ፊቱ ተለወጠ። ልቡ የራራ መሰላት። ከዚያ ግን እንደገና ሻጩ ሆነ። "ተርፏል አይደል? ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ?"

"ስማቸውን። ሦስት አራት ዓመት በርሜል ውስጥ ያቆየሃቸውን ዛፎች የሸጥክላቸውን ሰዎች ስም። ከላይ ሁሉም አንድ ናቸው፤ በግፊያ የሚታወቀው ግማሹ ብቻ ነው። ሌላው የመጨረሻዋ ቀን ድረስ አይነቃነቅም። አሥራ አንድ ዓመት የተከልኩትን ሁሉ እኔ አላስታውስም፤ የትኛው ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ለማን እንደሄደ የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የደንበኛ ፊት ረስተህ አታውቅም።"

"እሺ፣ ልናገር። ከዚያስ?" ወደ ኋላ ደገፍ አለ። "የማን እጅ ነው የተከላቸው? እኔ እኮ አካፋ ይዤ አላውቅም። ሰው ሁሉ ያየው አንቺን ነው፤ በየግቢው ጎንበስ ብለሽ ጉድጓድ ስትቆፍሪ። እኔ አበባ ነው የሸጥኩት። የሸጥኩትም እያበበ ነው።"

"ጋሼ..."

"ያሳደግኩሽን ረሳሽ? ልጅሽን ያስተማረው ይሄው በርሜል ነው። ሂጂ፣ ጉቶውን አቃጥይ። ዝናቡ ሲመጣ የሚወድቀው ይወድቃል፤ ሰው ነፋስ ነው ይላል። ነፋስን ማን ይከሳል?"

ይህን ያለው በእርጋታ ነው፤ የጽጌረዳ አተካከል እንደሚያስረዳ ሰው። እሾህ ወጣች። ጉቶውን ግን አላቃጠለችውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ግቢ ሞላ። ጋሼ በስጦታ ያበረከታቸው ሁለት ጃካራንዳዎች ከመድረኩ ግራና ቀኝ ቆመዋል፤ ቅጠል የላቸውም፣ አበባ ብቻ ናቸው። አዋቂዎች ወንበር ላይ፣ ልጆች ደግሞ ፀሐይ እንዳይመታቸው ተብሎ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል። ከወዲያ በኩል ሰማዩ እየጠቆረ ነው። የመጀመሪያው ነፋስ መጥቶ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ወዘወዘው፤ አበባ በልጆቹ ላይ ረገፈ። ልጆቹ እየሳቁ እጃቸውን ዘረጉ።

ጋሼ ማይክሮፎኑን ጨብጦ "ውድ ጎረቤቶቼ፣ ዛፍ ስንመርጥ መጀመሪያ የምናየው..." ሲል የጋሪ ጎማ ሲጥ ሲጥ ሲል ተሰማ።

እሾህ በወንበሮቹ መሐል እየገፋች መጣች። መድረኩን አላየችውም። በቀጥታ ወደ ልጆቹ ሄደች።

"ተነሱ! ተነሱ ከዚያ! ወደ ሜዳው፣ ሁላችሁም! ምንጣፉን ተዉት!"

ልጆቹ ለምደዋታል፤ እትዬ እሾህ ስትጮህ ቶሎ ነው የሚነሱት። እየተንጫጩ ወደ ሜዳው ሮጡ። አንዲት አስተማሪ "ምን ሆነሻል?" ብላ ልትቆጣ ተነሳች፤ ጋሪው ላይ ያለውን ስታይ ግን እሷም ልጆቹን ታጣድፍ ጀመር። እሾህ ጋሪውን ገለበጠችው። ጉቶው ተንከባለለና መድረኩ ሥር ቆመ፤ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ቀለበቷ የታተመችበት። በርሜል ያላየ ሰው የለምና ማንም ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀም። ጡረተኛው ዳኛ ብቻ ከፊት ወንበር ተነስተው በምርኩዛቸው ነካ አደረጉት።

"ምስጥ አይደለም" አሉ፣ ለራሳቸው ያህል።

"አይደለም ጌታዬ" አለች እሾህ። ድምፅ ማጉያ አላስፈለጋትም። "ይሄ ስድስት ዓመት መሬት ውስጥ የነበረ ሥር ነው፤ የልጄ ቤት ዛፍ። የእርስዎም ይኸው ነበር፤ ፈልጬ ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። በርሜል ውስጥ የታነቀ ዛፍ ቶሎ ያብባል። ሥሩ ሳይቆረጥ ከተተከለ አፈር አይዝም። ይህን አሥራ አንድ ዓመት አውቄ፣ አሥራ አንድ ዓመት ተክያለሁ። እጁ የኔ ነው፣ አልክድም። የኔን እዚሁ ቆሜ መለስኩ፤ የምታደርጉኝን አድርጉኝ።"

 ነፋሱ እንደገና መጣ፤ አሁን ረዘም አለ። ከግራው ጃካራንዳ ሥር ያ ጥርስ የማፋጨት ድምፅ ተሰማ። በዚያ በኩል የተቀመጡት ሰዎች ወንበራቸውን ትተው ብድግ አሉ። ከኋላ አንዲት ሴት "የኔም በር ላይ አለ" አለች። "እኛም ግቢ አለ" አለ ሌላው። ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ዱላውን ያልፈለገችው የአዲሱ ቤት እመቤት ባሏን ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው።

ጋሼ ፈገግ ለማለት ሞከረ። "እህቴ ናት፣ አትፍረዱባት..." ሲል ማንም አልሳቀም። ማይክሮፎኑን ወደ ጎን ሊያስቀምጠው ሲል እሾህ ወደ መድረኩ ወጣችና እጁን ከነማይክሮፎኑ ይዛ ወደ አፉ መለሰችው። ነጩ ሸሚዝ እጅጌው ላይ አምስት የአፈር ጣት ታተመበት።

"አታስቀምጠው" አለችው። "አሳድገኸኛል፣ አልረሳሁም። ዝናቡ ግን እየመጣ ነው፤ ሕፃናት ደግሞ በየመስኮቱ ሥር ተኝተዋል። የትኛው በር ላይ ነው ጋሼ? የትኛው መኝታ ቤት፣ የትኛው ትምህርት ቤት? አንድ በአንድ፣ በስም ጥራ። እኔን አትየኝ፣ እነሱን እያቸው። እዚሁ፣ ሰው ሁሉ እየሰማህ፣ መልስ!"